ዌስትፖርት ባሕር ዳር ከአዛውንት እናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ሱናሚ ቢመጣ ምን ላድርግ?

የዌስትፖርት ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በዋሽንግተን ስቴት፣ በግሬይስ ሃርበር ካውንቲ፣ ዌስትፖርት በምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። እኔና ባለቤቴ የምንሠራው ዓሣና ሸርጣን በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ሲሆን፣ የእኔ ፈረቃ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ነው። እናቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን መኖር ጀምረዋል። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እንግሊዝኛም አይሰሙም።

ይህን ጥያቄ እንድጽፍ ያደረገኝ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ በእኩለ ቀን የሚሰማው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሙከራ ነው። በረጅም ምሰሶ ላይ ከተተከሉት የድምፅ ማጉያዎች በመጀመሪያ የትልቅ ሰዓት ደወል የመሰለ ዜማ፣ ከዚያም የሰው ንግግር ይሰማል። እናቴ ይህን ሰምተው ደንግጠው ወደ ውጭ ሲወጡ፣ ጎረቤቶቻችን ግን ሥራቸውን ሳያቋርጡ አዩአቸው። ሙከራ መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ የእውነቱ ሲመጣ በምን ይለያል?» ብለው ጠየቁኝ። በቂ መልስ አልነበረኝም። በየመንገዱ ዳር ሞገድ የተሣለባቸውን ሰማያዊ ምልክቶች አያለሁ፤ ልጆቼም በትምህርት ቤት እንደሚለማመዱ ይነግሩኛል። እኛ አዋቂዎቹ ግን ባሕር በሌለበት አገር ስላደግን ነገሩ ከዜና ያለፈ ሆኖ አልተሰማንም።

ለመረዳት የምፈልገው ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደሚኖረን፣ በመኪና መሸሽ እንደሚሻል ወይስ በእግር፣ እናቴ ብቻቸውን ቤት ባሉበት ሰዓት ቢደርስስ ምን ሊደረግ እንደሚችል ነው። የሚያውቅ ሰው በሰከነ አማርኛ ቢያስረዳኝ ለእናቴም አነብላቸዋለሁ።

መሐንዲስ፣ ታኮማ

እህቴ፣ የእናትዎ ጥያቄ ከእርስዎ ጥያቄ ስለሚቀድም ከእሳቸው ልጀምር። በየወሩ የሚሰማው ዜማ የተመረጠው ሰው ሙከራውን ከእውነተኛው አደጋ እንዲለይ ሆን ተብሎ ነው። እውነተኛው ድምፅ ዜማ የለውም፤ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያላዝን የሳይረን ጩኸት ነው። ይህንኑ ጩኸት ያለ አደጋ መስማት የሚቻለው በዓመት አንድ ቀን፣ በኦክቶበር ወር በሚደረገው አጠቃላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምድ ላይ ነው። በዚያ ቀን እናትዎን ከቤት አውጥተው ቢያሰሟቸው ሁለቱን ድምፆች ዳግመኛ አያምታቱም።

ሆኖም እናትዎ በሳይረን ላይ ብቻ እንዳይተማመኑ አደራ እላለሁ። ምክንያቱም እናንተ ያላችሁበት ዳርቻ ሁለት ዓይነት ሱናሚ ሊመጣበት ይችላል፤ ሳይረን በእርግጥ የሚጠቅመው ለአንደኛው ነው።

የመጀመሪያው ከሩቅ የሚመጣው ነው። አላስካ፣ ጃፓን ወይም የሩሲያ ካምቻትካ ውስጥ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ እናንተ ምንም ሳይሰማችሁ ማዕበሉ ውቅያኖሱን አቋርጦ ይመጣል። ጥልቅ ባሕር ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ነው፤ ነገር ግን ርቀቱ ሰፊ ስለሆነ ለመዘጋጀት ሰዓታት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2025 በካምቻትካ አጠገብ 8.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ አላስካ ፓልመር ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ለዋሽንግተን ዳርቻ አድቫይዘሪ የተባለውን ደረጃ አውጥቶ ነበር፤ ማዕበሉም የደረሰው ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። አድቫይዘሪ ማለት ከውኃው ዳር፣ ከወደብና ከጀልባ ራቁ ማለት ነው። ዋርኒንግ ከተባለ ግን በካርታ ላይ የሱናሚ ክልል ተብሎ የተከለለውን ቦታ ሁሉ ለቃችሁ ውጡ ማለት ነው። ዋች የሚባለው ደግሞ ገና እየተጣራ ስለሆነ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ የሚል መልእክት ነው። በዚህ ዓይነቱ ሱናሚ ጊዜ ሰዓታት ስለሚኖራችሁ እናትዎን በመኪና ይዞ ወደ አበርዲን አቅጣጫ፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛው ቦታ መሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው ከደጃፋችሁ የሚነሣው ነው። ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ድረስ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ካስካዲያ በተባለ መስመር ላይ፣ የጁዋን ደ ፉካ የውቅያኖስ ወለል በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ ከሰሜን አሜሪካ አህጉር ሥር ይገባል። ሁለቱ ግን ተነካክሰው ስለተያዙ የአህጉሩ ጠርዝ እየተገፋና እየጎበጠ ይቆያል፤ የተያዘው ሲለቅ ጠርዙ ወደ ባሕሩ ተስፈንጥሮ በላዩ ያለውን ውኃ ሽቅብ ያነሣዋል። መጨረሻ የለቀቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1700፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነበር። ቀኑና ሰዓቱ ይህን ያህል በትክክል የታወቀው ጃፓኖች በዚያው ሰሞን መንቀጥቀጥ ሳይሰማቸው ድንገት ወደ ዳርቻቸው የወጣውን ማዕበል መዝግበው ስላቆዩ ነው። ከእናንተ ወደ ሰሜን በኮፓሊስ ወንዝ አፍ ላይ እስከ ዛሬ ደርቀው የቆሙት የዝግባ ዛፎችም በዚያች ሌሊት መሬቱ በሥራቸው ሰምጦ ጨዋማ ውኃ የገባባቸው ናቸው። የጥናቶቹ ግምት በሚቀጥሉት 50 ዓመታት ውስጥ 9 ገደማ የሚለካ መንቀጥቀጥ የመድረሱ ዕድል ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው የሚል ነው። ይህ አገር ለቆ ለመሄድ የሚያበቃ ቁጥር አይመስለኝም፤ መንገድ ለማጥናት ግን ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ ጊዜውን እናስላው። የካስካዲያ መንቀጥቀጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል ውጨኛውን ዳርቻ የሚመታው መንቀጥቀጡ ከጀመረ በ15 እና በ30 ደቂቃ መካከል ነው። ስለዚህ እግራችሁ መሬት ረግጦ መቆም ከቻለበት ቅጽበት አንሥቶ በእጃችሁ የሚቀረው ጊዜ ወደ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው ብላችሁ ብትነሡ ይሻላል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል፤ የስልክ መስመር ይጨናነቃል ወይም ይቋረጣል፤ ሳይረኑ የተሰቀለበት ምሰሶም ሊወድቅ ይችላል። በመሆኑም ቆሞ መሄድን የሚያስቸግር ወይም ከግማሽ ደቂቃ በላይ የዘለቀ መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ ማስጠንቀቂያው እሱ ራሱ ነው። ሌላ ድምፅ፣ ሌላ መልእክት፣ የሌላ ሰው ፈቃድ አትጠብቁ። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽም ሆነ ከባሕሩ እንደ ባቡር የሚያጓራ ድምፅ ሲሰማ ትርጉሙ ያው ነው። ነገር ግን ባሕሩ ሁልጊዜ አስቀድሞ አይሸሽምና ያንን ለማየት ብላችሁ አትዘግዩ።

መሄጃን በተመለከተ፣ የእናንተ ከተማ ሌሎች የሌላቸው ነገር አላት። ዌስትፖርት ዝቅ ባለ አሸዋማ ልሳነ ምድር ላይ የተቀመጠች በመሆኗ አቅራቢያዋ ኮረብታ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህም ነዋሪዎቹ ገንዘቡን በድምፅ አጽድቀው የኦኮስታ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ የስፖርት አዳራሹ ጣሪያ ለሱናሚ መሸሸጊያ እንዲሆን ተደርጎ ታነጸ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ነበር፤ የተነደፈውም ወደ 1,000 ሰው እንዲይዝ ነው። መሠረቱ በጥልቅ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ስለሆነ ውኃው ዙሪያውን አሸዋ ቢጠርገው እንኳ እንዳይዘም ተደርጎ ተሠርቷል። የኔ ሙያ ሕንፃ በመሆኑ ይህን ደጋግሜ አደንቃለሁ፤ ብዙ ሀብታም ከተሞች ያልደፈሩትን ያደረገች ትንሽ የዓሣ ከተማ ናት። በስተደቡብ ደግሞ የሾልዋተር ቤይ ነገድ እ.ኤ.አ. በ2022 ቶክላንድ ላይ ያስመረቀው የመሸሸጊያ ማማ አለ፤ በዚያ በኩል ስትሄዱ መንቀጥቀጥ ቢያገኛችሁ እሱን አስታውሱ።

በቅርብ መንቀጥቀጥ ጊዜ በመኪና መሸሽን አልመክርም። ወደ አበርዲን የሚወስደው መንገድ ውኃ በጠገበ መሬትና በድልድዮች ላይ የሚያልፍ ነው፤ እንዲህ ያለው አፈር ሲናጥ እንደ አጥሚት ይለሰልሳል፣ ድልድዮቹም ሊወድቁ ይችላሉ። አንድ መኪና መንገድ ከዘጋ ደግሞ ከኋላው ያሉት ሁሉ ውኃ ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ መንቀጥቀጡ እያለ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ራሳችሁን ሸፍናችሁ ያዙ፤ ሲያባራ ጫማችሁን አድርጋችሁ በእግር ወደ ትምህርት ቤቱ ተጓዙ። ከቤታችሁ እስከዚያ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በእናትዎ እርምጃ ለክታችሁ እወቁት።

ከኦክላንድ

መሐንዲሱ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ከካሊፎርኒያ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2024 ረፋድ ላይ በሰሜን ካሊፎርኒያ በኬፕ ሜንዶሲኖ ፊት ለፊት 7.0 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። እኛ ጋ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ፤ የሱናሚ ዋርኒንግ ነበር። በሥራ ቦታዬ የነበሩት ሰዎች ግማሾቹ መስኮት ላይ ቆመው ባሕሩን ያያሉ፤ ግማሾቹ የመኪና ቁልፍ ይፈልጋሉ። ኮረብታው በእግር በሚደረስበት ቦታ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ መንገዱን ሞላው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማስጠንቀቂያው ተነሣ፤ የሚያሰጋ ማዕበልም አልመጣም።

ከዚያ በኋላ በየቡና ቤቱ የሰማሁት «ሁለተኛ አያታልሉኝም» የሚል ንግግር ነበር፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የማዕከሉ ሠራተኞች የመጀመሪያውን መልእክት የሚያወጡት በደቂቃዎች ውስጥ፣ ማዕበል ስለመነሣቱ ገና መረጃ ሳይደርሳቸው ነው። ባሕር ውስጥ ያሉት መለኪያዎች የሚናገሩት ቆይተው ነው። በጥርጣሬ የተላለፈ ማስጠንቀቂያ ሲሰረዝ ሥርዓቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው እንጂ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

የተቃራኒው ምሳሌ እዚሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1964 በአላስካ 9.2 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ማዕበሉ ክሬሰንት ሲቲ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ማዕበሎች ብዙም ጉዳት ስላላደረሱ ሰዎች ሱቃቸውን ለማጽዳት፣ ንብረታቸውን ለማየት ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ። ከሁሉ የከፋው አራተኛው ነበር፤ በከተማዋ 11 ሰዎች ሞቱ። ሱናሚ እንደ ተራ ሞገድ መጥቶ የሚሰበር አይደለም። የሚመጣው የውኃ ክምችት ለብዙ ደቂቃ እየገፋ ገብቶ፣ ያገኘውን ጠራርጎ ይመለስና እንደገና ይመጣል፤ ይህም ለብዙ ሰዓታት ሊደጋገም ይችላል። እናትዎ ጣሪያው ላይ ከወጡ በኋላ «በረደኝ፣ ቤት ልመለስ» ቢሉ እንዳይፈቅዱላቸው። ብርድ ልብስ ይዛችሁ ውጡ።

የዌስትፖርት ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መሐንዲሱ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላቸው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ እሳቸውም ፎቅ ላይ ስለነበሩ መሬት ስትንቀጠቀጥ ምን እንደሚመስል ያውቁታል፤ ያኔ ግን ጥቂት ሴኮንድ ብቻ እንደነበር ነገሩኝ። አምስት ደቂቃ የሚለው አስገርሟቸዋል።

የቀረኝ ከባዱ ጥያቄ ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ ቢደርስ፣ ባለቤቴም ሥራ ላይ ቢሆን፣ እናቴና ልጆቹ ብቻቸውን ቤት ናቸው። ቀን ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ እናቴ ብቻቸውን ናቸው። ፋብሪካው ወደቡ ላይ ነው። ወደ ቤት ሮጬ እነሱን ይዤ ልሂድ? ልጅ ሆኖ እናትን ትቶ መሸሽ እንዴት ይቻላል?

ነርስ፣ ሲያትል

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ አስቀድመው ማንሣትዎ ብቻውን ግማሽ ዝግጅት ነው። እውነቱን ለመናገር ያህል፣ ከወደቡ ወደ ቤት፣ ከቤት ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ለመሮጥ ሩብ ሰዓት አይበቃም። እርስዎ ወደ ቤት ሲሮጡ እናትዎ እርስዎን እየጠበቁ ከተቀመጡ የሁላችሁም ጊዜ ያልቃል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ካሉ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው፤ መምህራኖቻቸው በደረጃው ወደ ጣሪያው ያወጧቸዋል። እነሱን ለመውሰድ ሳይሆን፣ እዚያው ለመገናኘት ይሂዱ።

በጃፓን እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 የሆነው ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። ካማይሺ በተባለችው ከተማ ልጆቹ ለዓመታት የተማሩት ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ከፍታ መሮጥን፣ ወላጆቻቸውም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ማመንን ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ መሮጥ ሲጀምሩ የአጎራባቹ አንደኛ ደረጃ ልጆች አይተው ተከተሏቸው፤ የመጀመሪያው መሸሸጊያ አያስተማምንም ሲሉም ወደ ላይ ቀጠሉ። በከተማዋ ከነበሩት ወደ 3,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተረፉ። በዚያው ቀን በኢሺኖማኪ በሚገኘው የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ኮረብታ ከግቢው አጠገብ እያለ፣ የት እንሂድ በሚል ክርክር ሕፃናቱ ከ45 ደቂቃ በላይ ግቢ ውስጥ ቆዩ፤ 74 ልጆችና 10 መምህራን ሞቱ። ልዩነቱን ያመጣው አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት ነው።

ስለዚህ ከእናትዎ ጋር ቁጭ ብለው ይስማሙ። «መሬቱ ለረጅም ጊዜ ከተንቀጠቀጠ እኔን እንዳይጠብቁ፤ እኔም ወደ ቤት አልመጣም፤ የምንገናኘው ጣሪያው ላይ ነው» ብለው ግልጥልጥ አድርገው ይንገሯቸው። ለእናት ከባድ ንግግር ነው። ሆኖም በባህላችን እናቶች ልጃቸው ሳይመጣ ቤት ለቀው እንደማይወጡ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ አስቀድሞ ካልተነገራቸው በስተቀር በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

እንግሊዝኛ አለመቻላቸውን በተመለከተ ብዙ አይጨነቁ። የስልክ መልእክቱን ማንበብ ባይችሉም መንቀጥቀጡን ይረዱታል። በኢንዶኔዥያ ሲሙሉ የተባለች ደሴት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ሱናሚ ብዙ ሰው ከፈጀባት በኋላ ሽማግሌዎቿ «መሬት ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ከሸሸ ወደ ተራራ ሩጡ» የሚለውን ነገር በተረትና በእንጉርጉሮ ለልጅ ልጅ አወረሱት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ታላቁ ሱናሚ ሲመጣ ደሴቲቱ ከመነሻው አጠገብ ነበረች፤ ምንም ዓይነት ሳይረን አልነበራትም፤ ከ70,000 በላይ ከሆነው ሕዝቧ የሞቱት 7 ብቻ ናቸው። እናትዎም ይህን ታሪክ ለልጅ ልጆቻቸው በአማርኛ ቢያወሩላቸው ሁለቱም ወገኖች ይማሩበታል።

ጉልበታቸውን በተመለከተ ግን ስምምነት ብቻውን አያራምድም። መንገዱን አብረው በእግር ይሂዱና ጊዜውን ይያዙ። ከሩብ ሰዓት በላይ ከሆነ ሁለት አማራጭ ይታየኛል። አንደኛው በአጠገብዎ ያለ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውል ጎረቤት ፈልጎ በግልጽ መጠየቅ ነው፤ ዊልቸር ወይም የሚገፋ ጋሪ በር አጠገብ ቢቀመጥ አንድ ጎረቤት ሊገፋቸው ይችላል። አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም፤ የምንፈራው እኛ ነን። ሁለተኛው፣ እኔ ብሆን የምመርጠው፣ የቤት ኪራይ ውላችሁ ሲያልቅ ወደ ትምህርት ቤቱ ጠጋ ያለ ቤት መፈለግ ነው። ጣሪያው በሌሊትና በዕረፍት ቀን በየትኛው ደረጃ እንደሚወጣበት፣ አቅመ ደካማ ሰው እንዴት እንደሚረዳም ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ሄደው በአካል ይጠይቁ።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የጥቂት ቀን መጠን በአነስተኛ ቦርሳ ውስጥ ከመነጽራቸው፣ ከግሪን ካርዳቸው ቅጂና በእንግሊዝኛ ከተጻፈ የሕመማቸው ዝርዝር ጋር ይኑር። ጫማቸው ከአልጋቸው ሥር ይቀመጥ፤ ሌሊት ላይ የተሰበረ መስታወት እግር ይቆርጣልና።

እናት፣ ታኮማ

ስለ ስንቅ አጭር ነገር ልበል። ስቴቱ ለነዋሪው የሚመክረው ለሁለት ሳምንት የሚበቃ እንዲያዘጋጅ ነው፤ መንገድና ድልድይ ሲፈርስ እርዳታ ቶሎ አይደርስም፤ የባሕሩ ዳር ከተሞችም እያንዳንዳቸው እንደ ደሴት ተነጥለው ይቀራሉ። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ወደ 4 ሊትር ይታሰባል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ መሸሽ እንደማይቻል ግልጽ ስለሆነ፣ የሁለት ሳምንቱ ቤት ውስጥ ይሁን፤ የመሸሻው ቦርሳ ግን ቀላል መሆን አለበት። ለቦርሳው ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ ልዩ ምግብ አያስፈልገንም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ እሳት የማይፈልጉ፣ የማይበላሹ፣ አዛውንትም የለመዷቸው ናቸው። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ከዚህ ሌላ ከስቴቱ ውጭ ያለ አንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር ለሁሉም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። የአካባቢው መስመር ሲጨናነቅ ሁላችሁም ቨርጂኒያ ወይም ዴንቨር ላለው ዘመድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብትልኩ እሱ ያገናኛችኋል። ጽሑፍ፣ ጥሪ ባልሠራበት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

የኮንቴይነር ሹፌር፣ ሲያትል

ጥያቄውን ወደ ሌላ ስለወሰድኩት ይቅርታ። እኔ ከሲያትል ወደብ ኮንቴይነር የማመላልስ ሹፌር ነኝ፤ በሃርበር ደሴት ተራ ይዘን ለረጅም ሰዓት የምንቆም ብዙ የአገር ልጆች አለን። ሲያትል ከውቅያኖሱ ርቃ በውስጠኛው ባሕር ላይ ስላለች ሱናሚ አያሰጋንም ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መሐንዲስ፣ ታኮማ

ወንድሜ፣ በካስካዲያው በኩል ከሆነ በከፊል እውነት ነው፤ ያኛው ማዕበል ዞሮ ሲያትል ለመድረስ ከ2 ሰዓት በላይ ይወስድበታል፤ ኃይሉም ይቀንሳል። ነገር ግን ከተማዋ የራሷ የሆነ አደጋ አላት። የሲያትል ስንጥቅ የሚባለው መስመር ከባይንብሪጅ ደሴት ተነሥቶ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል፣ እርስዎ ተራ ከሚይዙበት አካባቢ ሥር ያልፋል። ከ1,100 ዓመት ገደማ በፊት በተነሣ ጊዜ የባይንብሪጅን ደቡባዊ ጫፍ 7 ሜትር ያህል ወደ ላይ አንሥቶታል፤ በውስጠኛው ባሕርም ሱናሚ አስከትሏል። ተመራማሪዎች ያኔ የሞቱትን ዛፎች ቀለበት ቆጥረው ዘመኑን እ.ኤ.አ. ከ923 እስከ 924 ባለው ወቅት ላይ አድርሰውታል።

የዋሽንግተን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ በዚህ ስንጥቅ ላይ 7.5 የሚለካ መንቀጥቀጥ ቢነሣ በመሐል ከተማው ዳርቻ፣ ትልቁ የመዝናኛ መንኮራኩር ባለበት ቦታ፣ ማዕበሉ 42 ጫማ ማለትም 13 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ውኃውም እስከ ሁለቱ ስታዲየሞች ድረስ ሊገባ ይችላል። በኤልየት ቤይና በአልካይ አካባቢ የመጀመሪያው ማዕበል የሚደርሰው ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ከካስካዲያው ይልቅ እጅግ በረጅም ጊዜ አንዴ የሚደርስ መሆኑን ግን አብረው ይያዙት። አብዛኛው ወገናችን የሚኖርባቸው ሴንትራል ዲስትሪክትና ሲታክ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ለቤተሰብዎ ብዙ አይስጉ፤ ጥያቄው የእርስዎ የሥራ ቦታ ነው።

ሃርበር ደሴት በሰው እጅ የተደለደለ፣ ዝቅ ያለ መሬት ነው፤ የሚወጣበትም በድልድይ ነው። በ3 ደቂቃ ውስጥ ቢከን ሂል ወይም ዌስት ሲያትል ኮረብታ ላይ እደርሳለሁ ብሎ ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ ተራ በሚይዙበት ግቢ ዙሪያ ከጠንካራ ኮንክሪት ወይም ብረት የተሠራና ፎቅ ያለው ሕንፃ የትኛው እንደ ሆነ፣ ደረጃውም ከውጭ ይሁን ከውስጥ ከአሁኑ ያስተውሉ፤ ያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። መንቀጥቀጡ እንዳባራ ትራኩን ከነኮንቴይነሩ ትተው በእግርዎ ወደዚያው ይውጡ። ማዕበሉ ከ3 ሰዓት በላይ ሊመላለስ ስለሚችል ለመኪናው ብለው አይውረዱ። አብረዋችሁ ተራ ለሚይዙት ልጆችም ይህንኑ ንገሯቸው፤ የስልክ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ እንዲደርሳቸውም ሼክ አለርት ከተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ጋር የሚሠራውን መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ይጫኑ። ሴኮንዶች ብቻ ነው የሚቀድመው፤ እግርን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ ፍሬን ለመርገጥ ግን ይበቃል።